የወረዳችን ታዋቂ ሰዎች፦ ስም ከመዘርዘር በፊት ማስረጃ የማሰባሰቢያ መመሪያ

ትምህርት ቤት የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲያዘጋጅ፣ የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ብሮሹር ሲያሳትም፣ አንድ ወጣት ስለ ትውልድ ከተማው ውክፔዲያ ላይ ገጽ ሲከፍት፣ «ከአካባቢው የወጡ ታዋቂ ሰዎች» የምትል ክፍል አትቀርም። ይህቺ ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትጻፈው መጨረሻ ላይ፣ ማተሚያ ቤቱ «ቶሎ አምጡ» እያለ ሲያጣድፍ ነው። ስሞች ከፌስቡክ ይለቀማሉ፣ አንድ ሁለቱ ከሽማግሌ አፍ ይጨመራሉ፣ «ታላቁ» እና «ዕውቁ» ይታከልባቸዋል፣ አለቀ። ከዓመት በኋላ ያ ብሮሹር ራሱ «የታተመ ማስረጃ» ተብሎ ይጠቀሳል።

ይህ መመሪያ ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ዝርዝር ለማዘጋጀት ለተነሳ ሰው ነው። ሰውየው ታዋቂ መሆኑን ማስረዳት ብዙም አያስቸግርም። ሐዲስ አለማየሁ ደራሲና ዲፕሎማት መሆናቸውን ማን ይክዳል? ስህተቱ የሚገባው ሰውየውን ከቦታው ጋር በሚያገናኘው ነጥብ ላይ ነው፤ ድካማችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

1. ግንኙነቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ወስኑ

አንድ ሰው እዚያው ወረዳ ተወልዶ ሊሆን ይችላል። ወይም አባቱ የዚያ አገር ሰው ሆኖ እሱ ሌላ ቦታ ተወልዶ ይሆናል። ቅኔ ሊማር መጥቶ መምህር ሆኖ በዚያው የቀረ አለ፤ ተሹሞ የገዛ አለ፤ ዘምቶ የሞተና እዚያ የተቀበረም አለ። ሁሉም እውነተኛ ግንኙነት ነው፤ ማስረጃው ግን ለየቅል ነው። ሹመትን ጋዜጣ ያረጋግጣል፤ ልደትን ግን አያረጋግጥም።

አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን እንውሰድ። የጎጃምን ታሪክና የትውልድ ሐረግ ጽፈው ያቆዩልን እሳቸው ናቸው፤ ሠዓሊም ነበሩ። ትውልዳቸው ግን ከዓባይ ማዶ፣ ወለጋ ነው፤ ጎጃም የመጡት በልጅነታቸው ነው። «የጎጃም ተወላጅ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። «ተወላጅ አይደሉም» ብሎ ከዝርዝሩ ማውጣት ደግሞ የባሰ ነው። «በጎጃም ያደጉና የሠሩ» ቢባል ግን ማንም አይከራከርም፣ ክብራቸውም አይጎድልም።

የበላይ ዘለቀ ነገር ከዚህ ይከብዳል። አንዳንዱ ጽሑፍ የተወለደው ጎጃም፣ ቢቸና አውራጃ፣ ለምጨን ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ለምጨን የአባቱ አገር ነው፣ እሱ የተወለደው ወሎ፣ ቦረና ውስጥ ጫቃታ ነው ይላል። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደረገውን ክርክር ያየ ያውቃል፤ ማስረጃ የሚያቀርበው ጥቂቱ ነው፣ የሚቆጣው ብዙ ነው። የእናንተ ሥራ ዳኝነት መስጠት አይደለም። መጀመሪያ የማያከራክረውን ለዩ፦ በላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞችን አሰባስቦ የተዋጋው በምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ መሆኑን የሚክድ የለም። ይህን በሙሉ ልብ ጻፉት። ልደቱን በተመለከተ ሁለቱንም አስቀምጡና እያንዳንዱን ማን እንደሚል ተናገሩ። ከዚያ ጸሐፊዎቹን መዝኑ፦ በዘመኑ የነበረ ነው? ከቅርብ ቤተሰብ ሰምቶ ነው? ወይስ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከሌላ መጽሐፍ የገለበጠ? ምዘናችሁ ወደ አንዱ ካጋደለ እንዲህ በሉ፤ ሌላውን ግን አትሰርዙ።

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በበላይ ስም መጠራቱ ስለ ትውልድ ቦታው የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ትምህርት ቤት፣ አደባባይ፣ ሆስፒታል በሰው ስም ሲሰየም ማክበር ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። ይህን ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ አዘጋጅ ግን በየዓመቱ ይገጥመኛል።

በነገራችን ላይ፣ ሰከላ ወረዳ ስላለው የዓባይ ምንጭ፣ ስለ ግሽ ዓባይ ሲጻፍ፣ የውጭ ተጓዦቹ ፔድሮ ፓኤዝ (በ1618 እ.ኤ.አ.) እና ጄምስ ብሩስ (በ1770 እ.ኤ.አ.) መምጣታቸው መነገሩ ተገቢ ነው። ቦታቸው ግን የጎብኚዎች አንቀጽ ውስጥ ነው፤ «ከወረዳችን ጋር የተሳሰሩ ታዋቂ ሰዎች» ሥር ከዘረዘርናቸው ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም።

2. ዓረፍተ ነገሩን በታትኑት

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፦

«አቶ እገሌ ከአባታቸው ከግራዝማች እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ በቢቸና አውራጃ፣ ልዩ ስሙ እገሌ ማርያም በተባለ ቦታ በ1918 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ዲማ ጊዮርጊስ ገብተው ቅኔ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመንም በአርበኝነት አገራቸውን አገለገሉ።»

ለጆሮ አንድ ወጥ ታሪክ ነው፤ ለአዘጋጅ ግን ቢያንስ ስድስት ነገር አለበት፦ የወላጆች ስም፣ የአባት ማዕርግ፣ የትውልድ ቦታ፣ የትውልድ ዓመት፣ የተማሩበት ደብር፣ አርበኝነት። እያንዳንዱን በየመስመሩ ጻፉና ከጎኑ «ይህን ማን ሊያውቅ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የወላጆችን ስምና የቀብሩን ቦታ ቤተሰብ አያጣውም። ዓመቱ ግን ግምት ሊሆን ይችላል፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደው ለአብዛኛው የገጠር ሰው የልደት የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። መታወቂያ ላይ ያለው ዓመትም መታወቂያው በወጣበት ቀን ባለቤቱ የተናገረው ነው።

አሁን ዓመቱንና አርበኝነቱን አንድ ላይ አንብቡ። በ1918 የተወለደ ልጅ ጣሊያን በ1928 ሲገባ ዐሥር ዓመቱ ነው፤ በ1933 ሲወጣ ዐሥራ አምስት። ስንቅ አቀብሎ፣ መልእክት አድርሶ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ነበሩ። «ጦር መርተው» ከተባለ ግን ወይ ዓመቱ ወይ ጦሩ ልክ አይደለም። ማንንም ሳታስቀይሙ፣ ደብተራችሁ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበትና ወደ ቤተሰቡ ተመለሱ።

የሕይወት ታሪክ ወረቀት ሰው ባዘነበት ሌሊት፣ በጥድፊያ የሚጻፍ ነው። አትናቁት፣ ብቻውን ግን አትመኑት።

3. ቦታውን በዘመኑ ስም አግኙት

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የነገሡበትን ዘመን ሰነድ የሚያነብ ሰው ደብረ ማርቆስን መንቆረር ተብላ ሊያገኛት ይችላል። ፍኖተ ሰላምም ከንጉሠ ነገሥቱ ከስደት መመለስ በፊት በዚህ ስም አትጠራም ነበር፤ ወጀት ትባል ነበር። ስለዚህ ከ1933 በፊት የተጻፈ የሚመስል ደብዳቤ «ፍኖተ ሰላም» ካለ፣ ወይ በኋላ የተገለበጠ ነው ወይ ሌላ ጉድ አለበት።

አስተዳደሩም እንዲሁ ተለዋውጧል። ጠቅላይ ግዛት የነበረው ክፍለ ሀገር ሆነ፣ ከዚያ ተከፋፈለ፤ ዛሬ አዊ ራሱን የቻለ የብሔረሰብ አስተዳደር ነው፣ መተከል ደግሞ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው። መተከል አውራጃ የተወለደ ሰው በዘመኑ «ጎጃም ተወለደ» ቢባል ልክ ነበር። ዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በድሮው አከፋፈል የጎጃም ናቸው፤ ዛሬ ግን ዘጌን የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ባሕር ዳር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የዘመኑን ስም ጻፉ፣ ቀጥሎ «በዛሬው አከፋፈል» ብላችሁ አሁን ያለበትን ጨምሩ። ዘመናዊውን ወረዳ ብቻ መጻፍ ሰውየውን ባልነበረ ወረዳ ውስጥ ማስወለድ ነው።

ገጠር ከሆነ ከቀበሌው ይልቅ ደብሩ ይሻላል። ቀበሌ ይሸጋሸጋል፣ ቁጥሩም ይለወጣል። «እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት» ከተባለ ግን የሐዲስ አለማየሁ የትውልድ ቦታ ከመቶ ዓመት በኋላም አይጠፋም።

4. ስሙን በሁሉም መልኩ ፈልጉ

«ራስ ኃይሉ» ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ ቢያንስ ሦስት ሰው ይመጣባችኋል። አንዱ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ ናቸው። ሁለተኛው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን የተነሱት ራስ ኃይሉ ናቸው። ሦስተኛው በአርበኝነት የታወቁት፣ በኋላ ራስ የተባሉት ኃይሉ በለው ናቸው። ሁለተኛው ለጣሊያን አድረው ነበር፤ ሦስተኛው ጣሊያንን ይወጉ ነበር። የአንዱን ሥራ ለሌላው የሚሰጥ ጽሑፍ ሰውን ከባንዳ አርበኛ፣ ከአርበኛ ባንዳ ያደርገዋል። ሁልጊዜ የአባት ስም ጨምሩ፤ ምንጩ የአባት ስም ካልጠራ ከዓመቱ ለዩ፤ ከዓመቱም ካልተለየ ያንን ምንጭ ተዉት።

ተክለ ሃይማኖት የሚለው ስም ደግሞ ጻድቁን፣ ሁለት የጎንደር ነገሥታትን፣ አንድ ፓትርያርክንና የጎጃሙን ንጉሥ ይጠራል። የጎጃሙ ንጉሥ ከጥር 1873 ዓ.ም. በፊት ባለው ሰነድ ውስጥ በዚህ ስም አይገኙም፤ ራስ አዳል ተሰማ ናቸው። የፈረስ ስምም አትርሱ። በቀረርቶ ውስጥ «አባ ጠና» ሲባል ንጉሡ ናቸው፤ «አባ ኮስትር» ሲባል በላይ ነው። መነኮሳትና ጳጳሳት ሲመነኩሱና ሲሾሙ ስም ይለውጣሉ፣ ስለዚህ የልጅነት ትምህርታቸውን በጵጵስና ስማቸው መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ኮምፒውተር ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ሐዲስ፣ ሀዲስ፣ ሃዲስ፤ ዓለማየሁ፣ አለማየሁ፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። የፍለጋ ሳጥን እነዚህን ሁሉ እንደ አንድ ላያያቸው ይችላል። እየቀያየራችሁ ፈልጉ፣ «በላይዘለቀ» ተብሎ ተያይዞ የተጻፈም አይጠፋም።

5. የትኛው ምንጭ ለምን እንደሚሆን

ለሹመትና ለአዋጅ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ነጋሪት ጋዜጣ። ለዘመኑ ወሬ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ብርሃንና ሰላም፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ዘመን። አሮጌ ጋዜጦቹን አዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ወመዘክር የምንለው) እና ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ማየት ይቻላል። ተቋሙ ውስጥ የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችም አሉ፤ እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው ሀብት ነው። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ስለ አንድ አውራጃ ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች ተጠይቀውበታል፤ ከኋላው የተጠያቂዎች ስም፣ ዕድሜና ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን ይገኛል። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸው አላቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ በሐዲስ አለማየሁ ስም የተሰየመው የባህል ጥናት ተቋም ሊጠየቅ ይገባዋል።

ለቆየው ታሪክ ባለ አምስት ጥራዙ ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ጥሩ መነሻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ከየመግቢያው ሥር ያሉት ምንጮች ወደ አማርኛና ግዕዝ መጻሕፍት ይመራሉ። የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ታሪክ ለጎጃም መኳንንት የዘር ሐረግ ዋና ምንጭ ነው። ጸሐፊው ግን ለንጉሡ ቤት ቅርብ ስለነበሩ፣ ስለ ንጉሡ ባላንጣዎች የጻፉትን ከሌላ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የብራና መጻሕፍት ከሆኑ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ ብዙ አሉ፤ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ከእነሱ ከፊሉን በኢንተርኔት ለቋል። ከዲማ የመጣ ብራና ለማየት ሁልጊዜ ዲማ መውረድ ላያስፈልግ ይችላል ማለት ነው።

6. ገዳምና ሽማግሌ ዘንድ አካሄድ

መጀመሪያ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ከወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ ያዙ። ሁለቱንም። አንዱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው በር ላይ ይመለሳል፤ የሚመልሰው ደግሞ እውነት አለው፣ ብራና የተሰረቀበት ደብር ብዙ ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ አትድረሱ። መጽሐፉን የሚገልጠው ባለቤቱ ነው፤ እናንተ ፎቶ ከተፈቀደ ያለ ፍላሽ አንሱ። የምትፈልጉት ነገር ደግሞ ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ላይሆን ይችላል። መጨረሻው ቅጠል ላይ፣ ወይም ኅዳጉ ላይ «ይህን መጽሐፍ ያጻፈ እገሌ»፣ «ይህን መሬት የሰጠ እገሌ፣ በእገሌ ዘመን» የምትል ማስታወሻ ካለች፣ እሷ ከአስር የፌስቡክ ጽሑፍ ትበልጣለች።

ሽማግሌ ሲጠየቅ ሦስት ነገር ይለያል፦ ያየው፣ ከአየ ሰው የሰማው፣ ሲባል የሰማው። አንድ የቅኔ መምህር ጋ ቁጭ ስትሉ ጭውውቱ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«የኔታ፣ መምህሩ የተቀበሩት እዚሁ ነው አሉኝ?»

«እዚሁ ነው እንጂ፤ ከቤተ ልሔሙ ኋላ።»

«ሲቀበሩ እርስዎ ነበሩ?»

«አይ ልጄ፣ እኔ ያን ጊዜ ዋሸራ ነበርሁ። የነገረኝ ጓደኛዬ ነው፤ እሱ ሬሳውን ተሸክሟል።»

«መቼ ይሆን የኔታ?»

«ዓመቱንስ እንጃ። ብቻ የግብሩ ሁከት ሳይነሳ ነው፤ ክረምት ነበር።»

በዚህች አጭር ጭውውት ብዙ ተገኝቷል። የቀብሩ ቦታ የተሰማው ካየ ሰው ነው፣ ስለዚህ ደህና ነው። ጊዜው «የግብሩ ሁከት» የተባለው የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ሳይነሳ፣ ክረምት ላይ ነው፤ የትኛው ክረምት እንደሆነ ግን አልተባለም። «ከ1960 አመፅ በፊት» ብላችሁ ጻፉ እንጂ «1959» ብላችሁ አታስተካክሉላቸው። ዓመት የማያስታውስ ሰው ሁልጊዜ የሚመዝንበት ድንጋይ አለው፦ ጣሊያን የገባ ጊዜ፣ የወጣ ጊዜ፣ የ60ው ሁከት፣ አብዮቱ፣ በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ የታወጀ ጊዜ። በእነዚህ ጠይቁ። የተናጋሪውን ስም ከማተማችሁ በፊትም ፈቃዱን ጠይቁ፤ «የቅኔ መምህር፣ ደብረ ኤልያስ» ተብሎ ቢቀርም ይበቃል። ስሙን ደብተራችሁ ላይ ያዙት።

ቀረርቶና ሙሾ ሲገኝ ደስ ይላል። ሕዝቡ ሰውየውን እንዴት እንደሚያስታውሰው ይመሰክራል፤ ስንት ጠላት እንደገደለ ግን አያስቆጥርም።

ትውፊት ደግሞ ትውፊት ተብሎ ይጻፍ። የቅኔ ጀማሪ ማን ነው ቢባል ጎጃም ጎንጅ ያለው ሊቅ ተዋናይን ይጠራል፤ ዮሐንስ ገብላዊን የሚያስቀድምም አለ። የግሽ ዓባዩ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ነገር ከገድላቸው ይወሰዳል። «በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ እንደሚተረከው» ወይም «ገድሉ እንደሚለው» ብሎ መጀመር ንቀት አይደለም፤ አንባቢው ቃሉ የማን እንደሆነ እንዲያውቅ ነው።

7. ዘመን አቆጣጠር

ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ትደምራላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ሐዲስ አለማየሁ የተወለዱት በተለምዶ እንደሚጠቀሰው በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከሆነ፣ በአውሮፓ 1909 ነው የሚመጣው። ብዙ የውጭ ጽሑፍ ግን 1910 ይላል፤ 1902 ላይ በጅምላ 8 የደመረ ሰው የጻፈው ይመስላል። ያረፉት ኅዳር 1996 ስለሆነ እዚያም 7 ነው፦ 2003።

በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው በጥር 1937 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ 1945። እዚህ ላይ «ዓ.ም.» የምትለዋን መጣል ምን እንደሚያመጣ ተመልከቱ። «በ1937 ተሰቀለ» የሚለውን በአውሮፓ ቁጥር ያነበበ ሰው፣ 1937 የጣሊያን ዘመን ስለሆነ፣ ጣሊያን የሰቀለው ይመስለዋል። የሰቀለው ግን ከስደት የተመለሰው የአገሩ መንግሥት ነው። ሁለት ፊደልና ሁለት ነጥብ ሲጎድሉ ገዳዩ ተለወጠ። ከእያንዳንዱ ዓመት ኋላ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትጽፉ አትለፉ፤ ምንጩ ራሱ ካልጻፈ የትኛው እንደሆነ ከዐውዱ አጣሩ።

8. ምንጩ ወደ ራሱ እንዳይመለስ

አምስት ድረ ገጽ አንድ ነገር ስላለ አምስት ምስክር አላችሁ ማለት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል በጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ካላቸው አንዱ ከአንዱ ቀድቷል። ከሁሉ ቀድሞ የወጣውን ፈልጉና እሱ ከየት እንዳመጣው ጠይቁ። ውክፔዲያን ራሱን ምንጭ አታድርጉ፣ ግርጌው ላይ ያሉትን ማስፈንጠሪያዎች ግን ክፈቱ። የምትጠቅሱትን ድረ ገጽ፣ የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው በዌይባክ ማሽን አስቀምጡ፤ የኛ አገር ድረ ገጽ ዕድሜው አጭር ነው።

9. የማይጻፉና የሚሸሹ ነገሮች

በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሳ የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የልብ ወለድ ሰዎች ናቸው። መንኩሳና ዲማ እውነተኛ ቦታዎች ስለሆኑና ታሪኩን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው፣ ጉዱ ካሳን የሥጋ ዘመዱ አድርጎ የሚያወራ ሰው አይጠፋም። መንኩሳ ስለ መጽሐፉ መኩራት መብቷ ነው፤ በዛብህን ግን ከታዋቂ ልጆቿ ተርታ አትጻፉት።

ደስ የማይለውንም ጻፉ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የታተመውን፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን የጻፉ ናቸው፤ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር መሥራታቸውም እውነት ነው። አንዱን አንስቶ ሌላውን መተው ብሮሹሩን ያሳምረው ይሆናል፣ አንባቢውን ግን ያታልላል። ክፉውን ስትጽፉ ማስረጃው ከመልካሙ ይልቅ የጠነከረ ይሁን።

«የመጀመሪያው»፣ «ብቸኛው»፣ «በአፍሪካ ቀዳሚው» የሚሉ ቃላት ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ሁለት የማይገናኙ ምንጮች ካላገኛችሁ «ከመጀመሪያዎቹ አንዱ» ይበቃል።

በሕይወት ስላለ ሰው ደግሞ እሱ ራሱ በአደባባይ የተናገረውን ወይም በታመነ ሚዲያ የወጣውን ብቻ። የመኖሪያ ሰፈር፣ የልጆች ስም፣ ሕመም፣ የትዳር ጉዳይ አይነካም፤ «መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል» ፈቃድ አይደለም።

10. አጻጻፉ

የምትጽፉት እንዲህ ከሆነ፦ «የጎጃም ፈርጥ፣ የአፍሪካ ኩራት፣ የብዕሩ ንጉሥ ሐዲስ አለማየሁ የወረዳችን ፍሬ ናቸው» አንባቢው የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም። ይህን ሞክሩ፦

«ሐዲስ አለማየሁ (ጥቅምት 1902 – ኅዳር 1996 ዓ.ም.)፤ ደራሲና ዲፕሎማት። በጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ጣሊያን ሲወር ዘምተው ተማረኩ፣ ጣሊያን አገርም ታሰሩ። ፍቅር እስከ መቃብር የተሰኘው ልብ ወለዳቸው በ1958 ዓ.ም. ታተመ።»

ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ኋላ የምንጭ ቁጥር ይግባ፤ ከአንቀጹ መጨረሻ አንድ ቁጥር ማስቀመጥ የትኛው ምንጭ የትኛውን እንደሚደግፍ ይደብቃል። ምንጩ ሲጻፍ ደራሲው፣ ርዕሱ፣ የታተመበት ቦታና ዓመተ ምሕረት፣ ገጹ። ገጽ የሌለው ጥቅስ ማለት «መጽሐፉን ሂዱና ሙሉውን አንብቡ» ማለት ነው። የቃል ምንጭ ከሆነ የተናጋሪው ሙያ፣ ቦታውና የተነገረበት ቀን።

ማስረጃ ያልተገኘለትን ስም ከሚታተመው ዝርዝር አውጡ፤ ለብቻው ደብተር ላይ «የሚጣራ» ብላችሁ አቆዩት። ቤተሰብ ቅር ሊለው ይችላል። ምን ዓይነት ሰነድ እንደጎደለ ነግራችሁ ለሁለተኛው እትም እንዲያመጡ ጊዜ ስጧቸው፤ አሮጌ የሹመት ደብዳቤና የሜዳይ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከሣጥን የሚወጣው እንዲህ ሲባል ነው። ቃለ መጠይቁን፣ ፎቶውን፣ የገጽ ቅጂውን አንድ ላይ አድርጋችሁ አንዱን ቅጂ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ፤ በአንድ ሰው ፍላሽ ላይ ብቻ የቀረ ሰነድ ሰውየው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል።